ወንፈል መስሎኝ ነበር

ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ሁለት ቀን የፈጀ ጉባኤ ላይ ተቀምጬ ነበር። የጉባኤው ጉዳይ የሥራ ቦታ የትብብር ሶፍትዌር ነው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት፣ ሥራ የሚከፋፈሉበት፣ ቢሮ ሳይገቡ የሚሰበሰቡበት፣ ፋይል የሚቀባበሉበት ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ማይክሮሶፍት ቲምስ፣ ስላክ፣ ጉግል ዶክስ፣ ዙም የሚባሉት ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ስለ ሶፍትዌር ልማር ብዬ አልሄድኩም። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ያውም ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ። ጥሪ መጣ፣ ምሳ አለ፣ ለጋዜጠኛ ደግሞ "ትራንስፖርት" የሚባል ነገር አለ። ሄድኩ። የትራንስፖርቱን መጠን አልናገርም፤ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል፣ ሌሎቻችሁ ባታውቁት ይሻላል።

ገና በር ላይ አንዲት ልጅ ስሜ የተጻፈበትን ባጅ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና "የጉባኤው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይግቡ፣ ፕሮግራሙም ጽሑፎቹም እዚያ ነው የሚለቀቁት" አለችኝ። ልብ በሉ። በመቶ የሚቆጠር ሰው በትብብር ሶፍትዌር ላይ ሊመክር ተሰብስቦ፣ ጉባኤው ራሱ የሚተባበረው በቴሌግራም ነው። ከመድረክ አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ሶፍትዌር ሲያስተዋውቅ፣ አዘጋጆቹ ከኋላ ሆነው "ሻይ ሰዓት በ10 ደቂቃ ተገፍቷል" እያሉ ግሩፑ ላይ ይጽፋሉ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም ያኔ አልሳቅኩም። ለእኛ የተለመደ ነገር ነውና።

ሌላም የታዘብኩት አለ። በሁለቱም ቀን አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ የአቴንዳንስ ወረቀት። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ፊርማ። አበል የሚታሰበው በዚያ ነው። ሰዓት አርፍዶ የገባ፣ ስብሰባው ላይ ያንቀላፋ፣ ከሻይ በኋላ የጠፋ ሁሉ ያቺን ወረቀት ፈልጎ ይፈርማል። አንድም ሳጥን ባዶ አይቀርም። አስታዋሽ የለ፣ ሥልጠና የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። በአገራችን እንከን የማይወጣለት የመረጃ አሰባሰብ ካለ ይሄ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ለቀልድ ነበር የጻፍኩት፤ ኋላ ግን ከሁለት ቀን ማስታወሻ ውስጥ ቁም ነገር ሆና የተገኘችው እሷ ነች።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ፣ ደግ አደረገ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968፣ በእኛ ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም፣ ዳግላስ ኤንገልባርት የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጉባኤ መድረክ ላይ ወጣ። አንድ ሰዓት ተኩል በፈጀ ማሳያ፣ ዛሬ ማውዝ የምንለውን ነገር በእጁ ይዞ፣ በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሜንሎ ፓርክ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተቀመጠ ባልደረባው ጋር አንድ ጽሑፍ በአንድ ስክሪን ላይ አብረው ሠሩ። የባልደረባው ፊት በቪዲዮ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል። ዛሬ በወር ክፍያ የሚሸጥልን ነገር ፍሬው ያኔ ታይቷል።

ከርዕሴ ትንሽ ልውጣና፣ ያ ዓመት ለእኛ አገር ሰው ሌላ ትዝታ አለው። የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ያመፀው በዚያው ሰሞን ነበር። መሬቱ ሊለካ፣ ምርቱ ሊገመት፣ መዝገብ ሊሞላ ነው ሲባል፣ ገበሬው መዝገቡን ሳይሆን መዝገቡ ወዴት እንደሚሄድ ነው የጠረጠረው። ተሳስቶ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ሽያጭ ነበር፤ አላሰለቻችሁም። "ኢሜይል ሞቷል" ያለ ነበር። "ስብሰባ በ40 በመቶ ይቀንሳል" ያለም ነበር፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቄው የድርጅቱን ካርድ ሰጠኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ጎልማሳ ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው። ስልካቸውን ደጋግመው ያያሉ። አንዴ ሳላስበው ዓይኔ አረፈበት፤ የቢሯቸው ቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ አለቃቸው የአንድ ደብዳቤ ፎቶ ልከው "ይህ ጉዳይ ዛሬውኑ ይፈጸም" ብለዋል፣ ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው "እሺ" ብሏል። "ማን ነው የሚፈጽመው?" አልኳቸው። "እሱ ነገ ይታወቃል" አሉኝ።

እንዲህ ነው የእኛ የትብብር ሶፍትዌር። የወረዳው ግሩፕ፣ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ፣ የጤና ጣቢያው ግሩፕ፣ የዕድሩ ግሩፕ። በፖሊሲ አልመጣም፣ ማንም አላሠለጠነንም፣ ራሱ ገባ። ስለዚህም ሲዘጋ ቢሮ ይዘጋል። በየካቲት 2015 መጀመሪያ ፌስቡክም ቴሌግራምም ቲክቶክም ሲታገዱ፣ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት እንደ ፖለቲካ ጉዳይ ይሆናል፣ ነውም። ነገር ግን ለአንድ የቀበሌ ባለሙያ ያ አምስት ወር፣ የሪፖርት ቅጹ፣ የስብሰባ ጥሪው፣ የባልደረባው ምክር ሁሉ በአንድ ጠዋት የጠፋበት ጊዜ ነበር። በነሐሴ 2013 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ፌስቡክንም ዋትስአፕንም ዙምንም የሚተካ የአገር ውስጥ መድረክ እየሠራን ነው ብሎ ነበር። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የአገር ውስጥ መድረክ ቢኖር ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ይሆን ነበር? ጥያቄውን ጉባኤው ላይ ላነሳ እጄን አወጣሁ፣ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ምናልባትም በእውነት አልቆ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነገሩ ተለወጠ። ከአንድ ክልል ጤና ቢሮ የመጣች ሴት በጥያቄ ሰዓት ማይኩን ያዘች። ያለችው በግርድፉ እንዲህ ነው። "አንድ እናት ስትወልድ ባለሙያዋ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ያንኑ በወሩ መጨረሻ ደምራ ወደ ዲኤችአይኤስ ትልካለች። ያንኑ ደግሞ አለቃዋ ቶሎ ስለሚፈልገው ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። አሁን እናንተ አራተኛ ቦታ እያመጣችሁልን ነው። ሪፖርት ስናዘገይ ስልክ ይደወልልናል። ስንልክ ግን ማንም ደውሎ 'ቁጥራችሁን አየነው፣ እንዲህ ይላል' ብሎን አያውቅም። እኔ የምጠይቀው፣ ይሄ ሶፍትዌር ወደ እኛ የሚመልሰው ምንድን ነው?"

ተናጋሪው ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። "ዋናው ችግር የግንዛቤ ነው፣ ሥልጠና እንሰጣለን" አለ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ አለ።

ማታ ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። የሷ ጥያቄ አዲስ አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚመክረው የአሜሪካኖቹ ጉባኤ ከተጀመረ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ጆናታን ግሩዲን የሚባል ተመራማሪ እነዚህ ሶፍትዌሮች ለምን ይወድቃሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ካቀረባቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ተጨማሪውን ሥራ የሚሠራው ሰውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው የተለያዩ ናቸው። ምሳሌው የቀጠሮ መዝገብ ነው። ሶፍትዌሩ የሁሉንም ሰው ቀጠሮ አይቶ ስብሰባ ያመቻቻል። የሚመቸው ስብሰባ ለሚጠራው ለአለቃው ነው። ቀጠሮውን በየቀኑ እየሞላ የሚኖረው ግን ሠራተኛው ነው፣ ለእሱ ምንም አይመለስለትም። ስለዚህ አይሞላውም። ሶፍትዌሩ ይሞታል። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ ዋንዳ ኦርሊኮውስኪ የተባለች ተመራማሪ ሎተስ ኖትስ የሚባለው ሶፍትዌር አንድ ትልቅ የአማካሪዎች ድርጅት ውስጥ ሲገባ አጥንታ፣ ሰዎቹ ዕውቀታቸውን እዚያ ላይ ያላካፈሉት ድርጅቱ የሚከፍላቸውና የሚያሳድጋቸው አንዱ ከሌላው በልጦ ሲገኝ ስለነበር ነው ብላለች። አሜሪካ ነው ይሄ። መብራት አይጠፋም፣ ኔትወርክ አለ፣ ሥልጠናም ሞልቷል።

እዚህ ላይ የአቴንዳንሷ ወረቀት ትዝ አለችኝ። የሞላ ሰው ያገኛል፣ ስለዚህ ሁሉም ይሞላል።

ይህን ለመረዳት ግሩዲን ባልተወለደ ነበር፤ እኔ ይጁቤ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የባሶ ሊበን ገበሬ ልጅ ወንፈልንና ደቦን ለይቶ ያውቃል። ከተማ ያደጉ ጓደኞቼ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል፣ ቀላቅለው "የመተባበር ባህላችን" ይሏቸዋል። አንድ አይደሉም። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፣ ሌላ ቀን አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። ቀን በቀን፣ ሰው በሰው። ብትታመም ልጅህን ትልካለህ እንጂ አትቀርም። አባቴ ማን ጋ ስንት ቀን እንዳለውና ስንት ቀን እንዳለበት በጣቱ እየቆጠረ ይነግረን ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም፣ ተሳስቶ ግን አላየሁትም። መቀናጆም እንዲሁ ነው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ፣ ተራውን የሚዘልል የለም። ደቦ ሌላ ነው። ደቦ ጠርተህ፣ ጠላ ጠምቀህ፣ አብልተህ አጠጥተህ፣ ሥራህን በአንድ ቀን የምታወጣበት ነው። የመጣው ሰው ቀን አይቆጥርብህም፤ በልቶ ጠጥቶ ዘፍኖ ይሄዳል። በሁለቱም ውስጥ አንድ የማይቀር ነገር አለ፦ የሠራው ሰው እጁን አራግፎ ባዶውን አይሄድም።

የእኛ ቢሮዎች ሶፍትዌር ሲያመጡ ግን የሚያመጡት ሦስተኛ ዓይነት ነው። ከታች የሚሞላ፣ ወደ ላይ የሚሄድ፣ የማይመለስ። ወረዳኔት ሲጀመር፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በሳተላይት ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ ያገናኛል ተብሎ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ወረዳ ላይ ገብቼ አይቻለሁ። ሰዎቹ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ስክሪኑ ፊት ተደርድረው ይጽፋሉ። ማይክ ነበራቸው። ግማሽ ቀን ስቀመጥ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። እኔ ራሴ ደግሞ የፕላዝማ ልጅ ነኝ፤ በ1998 ዓ.ም 9ኛ ክፍል ስገባ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። የፕላዝማው አስተማሪ "ጥያቄ አላችሁ?" ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ "መልካም" ብሎ ይቀጥላል። ሒሳብ ያልገባን ልጆች ያቺን ዝምታ እስካሁን እናስታውሳታለን።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል ብዬ ደስ እያለኝ ነበር። የበላይ አካል ይወቀሳል፣ ወንፈል ይወደሳል፣ እናንተም ላይክ ታደርጉልኛላችሁ። ያበላሸው የሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነው።

አንድ ባለሙያ ሁለት ላፕቶፕ አቅርቦ፣ አንድ ሰነድ ከፍቶ፣ ሁለት ሰው አብሮ ሲጽፍ አሳየን። የአንዱ ጽሑፍ በአረንጓዴ፣ የሌላው በሐምራዊ። ከዚያ "የለውጥ ታሪክ" የሚለውን ተጫነ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደሰረዘ፣ ሁሉም ከነቀለሙ ተዘረዘረ። "እዚህ ላይ ማንም መዋሸት አይችልም" አለ። ከጎኔ ያሉት ጎልማሳ "እንግዲያው እኛ መሥሪያ ቤት አይገባም" ሲሉ አካባቢያችን በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን እዚያ ስክሪን ላይ ያየሁት የራሴን ሰነድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦትና በሰኔ 2015 በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲጮህ፣ እኔ ከውጭ አገር ለሚታተም አንድ ድረ ገጽ ጉዳዩን እንድጽፍ ተስማማሁ። ክፍያው በዶላር ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ባሶ ሊበን ውስጥ አንድ የልማት ሠራተኛ፣ ሰው "ዲኤ" የሚለው፣ የልጅነት ወዳጅ አለኝ። ቴሌግራም በዚያን ጊዜ ታግዷል፣ ቪፒኤን ደግሞ የሱን ዳታ ይበላበታል። ስለዚህ አንድ ጉግል ዶክስ ከፈትኩና ላክሁለት። "ያየኸውን እዚህ ላይ ጻፍልኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኩት። አያችሁ፣ እገዳው ነው የትብብር ሶፍትዌር ተጠቃሚ ያደረገኝ።

ለሦስት ሳምንት ጻፈ። ቀን ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ይውላል፣ ማታ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ በስልኩ ይጽፋል። የመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ማን ስንት ቀን እንዳደረ፣ ዩሪያው ሲመጣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ማን እንደወሰደ፣ በቆሎውን ያለ ማዳበሪያ የዘራው ማን እንደሆነ፣ ዝናቡ ስንት ቀን እንደዘለለ። እኔ የጨመርኩት መግቢያውን፣ የሁለት ባለሥልጣን መልስና እንግሊዝኛውን ነው። ጽሑፉ ወጣ። ጥሩ ጽሑፍ ነው ተባለልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሥራ ያገኘሁት በሱ ነው።

የሱ ስም የለበትም። መኖርም አልነበረበትም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ስሙ ቢወጣ ምን እንደሚደርስበት እናንተም ታውቃላችሁ። ይሄንን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ስም ባይወጣ ብር ስም አይጠይቅም። ለሦስት ሳምንት ሥራው ሁለት ጊዜ የ100 ብር ካርድ ሞላሁለት። ዶላሩ ሲገባ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ "በሚቀጥለው" አልኩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ሲሠራ የምንጠያየቀው "ደህና ናችሁ?" ነው፤ በዚያ ሰዓት ስለ ክፍያ ማን ያወራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ዕዳዬም በጦርነቱ ጥላ ሥር ተደበቀልኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ሆኗል።

ከጉባኤው በሽኝት ቦርሳና በሁለት እስክሪብቶ ወጣሁ። ለድረ ገጽ የምጽፈውን ዜና 500 ቃል አድርጌ ጻፍኩ፣ የጤና ቢሮዋን ሴት ጥያቄ ከተትኩበት፣ አዘጋጁ ቆረጠው። "ሪፖርቱ ስለ ጉባኤው ይሁን" አለኝ።

ለገና መንገዱ ደህና ነው ሲባል ወደ አገር ቤት ወጣሁ። ዓባይን ተሻግሬ፣ ደጀንን አልፌ፣ ደብረ ማርቆስ አድሬ፣ በማግሥቱ ይጁቤ ገባሁ። ወዳጄ እናቴ ቤት መጣ። ከስቷል። ጋቢውን ጣል አድርጎ ገባና እናቴን ጉልበቷን ስሞ ተቀመጠ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ዘንድሮው ጤፍ አወራን። እናቴ ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ያዘጋጀሁትን ብር በፖስታ አወጣሁ። ምን እንደምል ስለማመድ ነበር የመጣሁት። "ያኔ ለሠራኸው ነው፣ ዘገየሁብህ" አልኩት።

ፖስታውን አየው፣ አልነካውም። ሳቅ አለ።

"እኔኮ ወንፈል መስሎኝ ነበር" አለኝ። "አንድ ቀን ለእኔም ትውልልኛለህ ብዬ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ ደሞዝ ሲዘገይብን፣ ባልደረባችን ሲታሰር፣ አሁን ይጽፍልናል ብዬ ጠብቄሃለሁ። ኋላ ሳስበው ደቦ ኖሯል አልኩ። ደቦም እኮ ወንድሜ፣ ጠላ አለው።"

ምንም አልመለስኩለትም። ስለ ባልደረባው በስልክ ነግሮኝ ነበር። ያኔ መጻፉ አስፈርቶኝ ነበር፣ ሱንም እኔንም። ፈርቼ ነበር ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲጽፍልኝ እሱም ይፈራ ነበር።

ፖስታውን በኋላ ወሰደው፣ ለማንሳት አላንገራገረም፤ ደስ ያለኝ በዚያ ነው። ከዚያ "ያ ነገር አሁንም አለ?" አለኝ። ሰነዱን ማለቱ ነው። ያን ቀን ኔትወርኩ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት፣ አለ። ጉባኤው ላይ የተማርኩትን ላሳየው ብዬ የለውጥ ታሪኩን ነካሁት። የሱ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ቀለም ወጣ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል፣ አንዱ ቀን እስከ 7 ሰዓት። ከኔ ቀለም ይልቅ የሱ ይበዛል። በጣም ይበዛል። ጣቱን እያንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ፣ ያኔ የጻፈውን እያነበበ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መስመር የተሰረዘበት አንቀጽ ነው።

"ይቺን ለምን አጠፋሃት?" አለኝ።

ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነው። ለማዳበሪያ ተራ መጋዘን በር ላይ ስታድር ቤቷ ያሉት ሁለት በጎች ተሰርቀውባታል። ማዳበሪያውም አልደረሳትም። ጽሑፉ ረዝሞብኝ ነበር፣ የባለሥልጣኑን መልስ ላስገባ ብዬ እሷን አወጣኋት። ለወዳጄ ግን ያኔ "አዘጋጁ ነው የቆረጠው" ብዬው ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ የተሰረዘው በማን ቀለም እንደሆነ ሁለታችንም እያየን ነው።

"ረዝሞብኝ" አልኩ።

ስልኩን መለሰልኝ። እናቴ ቡናውን ይዛ መጣች፣ ሁለተኛውን ጠጣን። ሊሄድ ሲነሳ፣ በሩ ላይ፣ ጋቢውን እያስተካከለ ነገረኝ። እትዬ ያ ነገር ወጣ ወይ ብላ እስከ ዛሬ ትጠይቀዋለች። ገበያ ባገኘችው ቁጥር። እሱም ወጥቷል ይላታል።